በበሩ ላይ የተጻፈው ዜሮ

ሰኞ ነሐሴ 26 ቀን 1978

ዝናብ። ዶሮዋ ስድስት ጫጩት ፈለፈለች። ሚርያም፣ የልጄ የታምሩ ልጅ፣ ቁጥራቸውን በከሰል በሩ ላይ ጻፈች። ሰባት! ስድስት አይደሉም እንዴ? በመዳፌ ጠረግሁና 6 ብዬ ጻፍኩላት። በስድሳ ዓመቴ መሠረተ ትምህርት የገባሁት በከንቱ ነው? የጻፍኩትን አየት አድርጋ ወደ ጫጩቶቹ ተመለሰች። አማርኛዋ ገና ነው፤ ከሱዳን ከመጡ ወር አልሞላቸውም።

እናቷ ዙሌይካ ጎደሬ እየላጠች፣ "አባ፣ ትምህርት ቤቱስ?" አለችኝ። ሐሙስ አልኳት። እኔ እያለሁ ምን ያሳስባታል?

ሐሙስ ነሐሴ 29

ከሰፈራችን ከአማን እስከ ሚዛን ትምህርት ቤት በጭቃ ሄድን። መምህር ጴጥሮስ ክፉ ሰው አይደለም። "አማርኛው ቀስ ብሎ ይመጣል፣ አባባ። ሒሳብ ግን ቋንቋ የለውም። በሒሳብ ልፈትናት" አለ። እውነቱን ነው አልኩ። ጥያቄውን በቃሉ ጠየቀ፣ ዙሌይካ ተረጎመች፣ ልጅቷ መልሱን ጻፈች። አልዘገየችም። ደስ ብሎኝ ነበር...

ከአስር ሁለት።

"ቁጥር መጻፍም አትችልም፤ የዶሮ ጭረት ነው። ከአንደኛ ክፍል ትጀምር" አለ። አስራ አንድ ዓመቷ እኮ ነው! ጥርሳቸው ካልወለቀ ሕፃናት ጋር?

ቤት ስንገባ ዙሌይካ፣ "ሱዳን፣ ገዳሪፍ እያለች ከክፍሏ አንደኛ ነበረች። ሰኞ መስከረም 5 ስሟ ከሕፃናቱ ጋር ከተጠራ እዚያው እናቴ ጋ እንመለሳለን" አለች። ድምጿን ከፍ እንኳ አላደረገችም። ያ ነው ያስፈራኝ።

ታምሩን ገዳሪፍ መኪና ተገልብጦ ገደለብኝ። ሚስቴ አሰጋሽም የለችም። የቀረችኝ ይቺ ልጅ ናት።

ቅዳሜ ጳጉሜ 1

አንዷን ጫጩት ጭልፊት ወሰዳት። አምስት ቀሩ። ሚርያም በሩ ላይ ምን ብትጽፍ ጥሩ ነው? ዜሮ! "ምን ታሟርቻለሽ? አለቁ ወይ?" ብዬ ጮኽኩባት። "ጂዲ... ጂዲ..." እያለች አለቀሰች። አያቴ ማለቷ ነው።

አሰጋሽ ብትኖር ከቤት ታስወጣኝ ነበር።

እሑድ ጳጉሜ 2

ጠዋት በሩን ስከፍት ያው ዜሮ ፊቴ ተገተረ። አምስቱ ጫጩቶች እግሬ ሥር። ሐሙስ የተሰጠኝን የፈተናውን ወረቀት ከኪሴ አወጣሁ። መምህሩ ትክክለኛውን በቀይ ከጎኑ ጽፎታል። እሷ 10፣ እሱ 15። አንዱስ አለ፤ አምስቱ ግን...

ቆይ። ቆይ እስቲ።

ጠራኋት። አምስት ጣቴን ዘረጋሁ። በከሰሉ ክብ ሠራች። ባዶ እጄን አሳየኋት። ነጥብ አደረገች። በሁለት እጄ ስድስት አሳየኋት፤ የኛን ሰባት የመሰለ ጻፈች። ያገኘቻቸው ሁለቱስ? 11 እና 19። አንድና ዘጠኝ ሱዳን በተማረችው የዐረብ ቁጥርም አንድ ዓይነት ነው ማለት ነው!

ዙሌይካን ብጠይቃት፣ "እኔ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፣ አባ" አለች።

ትክክለኛዋን ስድስት በመዳፌ የጠረግሁት እኔ ነኝ።

ሰኞ ጳጉሜ 3

መምህር ጴጥሮስ ሰማኝ። አልሳቀም። "አባባ፣ ዜሮውን አምስት ነው ብዬ በምን ላስመዝግብ? የዐረብ ቁጥር የሚያነብ ሰው ያምጡልኝ።"

የሚያነብ ሰው... አለ። አጥር ለአጥር ነው ያለው። ልብስ ሰፊው አሕመዲን፣ ቁርዓን የሚቀራው። አጥሩን ሁለት ክንድ ወደ ግቢዬ ገፋብኝ ብዬ ካኮረፍኩት ሦስት ዓመት ሆነ። ያ ባልከፋ። ለታምሩ ለቅሶ ሲመጣ ከደጅ መለስኩት። ሰው ሁሉ እያየ።

በምን ዓይኔ ልየው?

ማክሰኞ ጳጉሜ 4

ሁለቴ ደጁ ደርሼ ተመለስኩ። በሦስተኛው ገባሁ። ቀና ብሎ አየኝ፤ የስፌት መኪናውን መርገጥ ግን አላቆመም።

"ጋሽ ገብረወልድ! ሱሪ ሊያሰፉ ነው? ወይስ ክንዴን ሊለኩ?"

ዋጥኩት። ወረቀቱን ጨርቁ ላይ አኖርኩ። አየው። መኪናው ቆመ። ከላይ እስከ ታች በጣቱ ወረደበት።

"ማነው ይህን በቀይ ያበላሸው? ከአስር አስር እኮ ነው!" ከዚያ ዝግ ብሎ፣ "የማን ልጅ ናት?"

"የታምሩ።"

ይቅርታ ልለው ፈልጌ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ተነስቶ ቆቡን አጠለቀ። ልብሷ እስኪሰፋ የምትጠብቀውን ደንበኛውን አማረችን "ነገ ነይ" አላት።

"የአባቷን ለቅሶ አልደረስኩም። ለልጅቷ እንኳ ልድረስ።"

ሚዛን ድረስ አብረን ሄድን። የጉልበት ሕመም እንዳለበት አላውቅም ነበር። ዳገቱ ላይ ክንዴን ሰጠሁት። አሕመዲን ወረቀቱን ሲያነብለት መምህሩ እጁን አፉ ላይ አደረገ። ሰኞ ስም ሲጠራ ትሰማላችሁ አለን።

ዙሌይካ ጓዟን አስራለች። እስከ ሰኞ አልፈታም አለች።

ሰኞ መስከረም ٥ ቀን 1979

"ሚርያም ታምሩ፣ ሦስተኛ ክፍል!" ሲል ከሰው መሀል "አቤት!" ያልኩት እኔ ነበርኩ። ሰው ሳቀ። ይሳቅ።

ዙሌይካ ጓዟን ፈታች። አሕመዲን ከቁርጥራጭ ጨርቅ የደብተር ቦርሳ ሰፋላት፤ አጥሩን ዞሮ ከሚመጣ ብዬ በመጥረቢያ መተላለፊያ ከፈትኩለት። በተጣላንበት ሁለት ክንድ ውስጥ ይሁን አይሁን አልለካሁም።

አምስቱም ጫጩቶች ደህና ናቸው። የዛሬን ቀን ከላይ የጻፈችው ሚርያም ናት። ዜሮ አይደለም።