ያልተሰጠህ ደም

ውድ ቱንቢ፣

«ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ?» ብዬ ልጀምር ስል እስክሪብቶው አልሄድ አለኝ። ከወደቅክ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቅህ ይህንኑ ነው፤ አንተም መመለሱ ሰልችቶሃል። ስለዚህ የእኔን ጥያቄ ላቆየውና በሌለህበት ያየሁትንና የሰማሁትን ላጫውትህ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ እንደቆመ ታውቃለህ፤ ቃሉ ከተንጋደደብህ እንደ ልማድህ አቃናው። እኛ ቱንቢ በክር አውርደን የምንለካውን ግድግዳ አንተ አንድ ዓይንህን ጨፍነህ ታየውና «ሆዱ ወጥቷል» ትል ነበር። ክሩም ሲወርድ ከአንተ ጋር ይስማማል። ቱንቢ ያልንህ ለዚሁ ነው።

በእህትህ በኩል የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። «ተወኝ በይው፤ የወሰዱት ደም ይበቃቸዋል» ብለሃል። ማክሰኞ ለጥናቱ የመጨረሻው ደም የሚቀዳበት ቀን እንደሆነ እያወቅክ ነው ያልከው። የምጽፍልህ እንድትመጣ ነው፤ ይህን አልደብቅህም። ግን ትመጣልኝ ብዬ ያልሆነ ነገር እዚህ ወረቀት ላይ አላሰፍርም።

ነገሩ እንዴት እንደጀመረ አስባለሁ። ቤቴ ጸጥ ያለ ነው፣ ለማሰብ ይመቻል። አንድ ርብራብ ላይ ጎን ለጎን ቆመን ስንለስን በአንተ በኩል ያለው ጣውላ ተሰበረ፤ በእኔ በኩል ያለው አልተሰበረም። ለምን ብዬ ፈጣሪን ጠየቅኩት፣ አልመለሰልኝም። አሠሪያችንን ብጠይቀው «ዕድል ነው» አለኝ፤ እሱ ለመመለስ ጊዜም አልፈጀበት።

በሳምንቱ ያቺ ቀጭን ዶክተር አልጋህ ድረስ መጣች። አካሚህ አልነበረችም፤ አጥኚ ናት። አከርካሪ ውስጥ ያለው ህብለ ሰረሰር ሲጎዳ የሰውነት በሽታ ተከላካይ ምን እንደሚሆን ነው የምታጠናው። ከአንተ ደም ጋር የሚተያይ፣ እንደ አንተ የኖረ የጤነኛ ሰው ደም እንደምትፈልግ ተናግራ ሳትጨርስ ጣትህን ወደ እኔ ቀሰርክ።

«ይኸውልሽ! ከልጅነታችን ጀምሮ አንድ አቧራ ስንውጥ የኖርን ነን» አልካት። «መርፌውን ግን ጠንከር ያለ አድርጊው፤ ቆዳው ሲሚንቶ ነው።»

ነርሷ ወረቀቱን አንብባ አስረዳችን። ሁለታችንም እንደ ጎበዝ ተማሪ ራሳችንን ነቀነቅን። ከዚያ ሁሉ ንባብ የእኔ ጆሮ የያዘው ግን «የጤነኛው ደም» የሚለውን ብቻ ነበር። ለምን እንደሆነ ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም። የልጆቼ እናት ኩላሊቷ ሲደክም «አንዱን ከእኔ ወስዳችሁ ስጧት» ብዬ ስለምን፣ መርምረው «አይስማማም» ያሉኝ ቀን ከሆስፒታሉ ደግፈህ ያወጣኸኝ አንተ ነህ። ሰው የሚሰጠውን ይዞ ተቀባይ ሲያጣ ምን እንደሚመስል አይተኸኛል። እሷ ካረፈች በኋላ ያ ያልተሰጠ ነገር ውስጤ ቁጭ ብሎ ከረመ። እናም ደሜን ሲጠይቁኝ ለአንተ ሊሰጡህ መሰለኝ። ለአንተም እንደዚያው መሰለህ። ማናችን ቀድመን እንደተናገርነው አላስታውስም፤ ብቻ ሁለታችንም እርግጠኛ ሆነን አረፍነው።

የመጀመሪያውን በሰጠሁ ዕለት ክንድህ ላይ በቱቦ የሚንጠባጠብ ነገር ተሰክቶልህ አገኘሁህ።

«ይሄ ያንተ ነው?» አልከኝ ወደ ላይ እያየህ።

«ምን ጥርጥር አለው።»

«ታዲያ ለምን አልቀላም?»

«አጣርተውት ነዋ! ዶክተሯ ነጭ ሕዋሳት፣ ነጭ ሕዋሳት ስትል አልሰማህም? ቀዩማ አንተም አለህ።»

ትንሽ አሰብክና «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ እንዳንተ ጸልይ ጸልይ ካለኝ ጉድ ፈላ» አልክ። በዙሪያህ የተኙት ሁሉ ሳቁ። ጎድኑ የተሰበረው ሽማግሌ «አታስቁኝ፣ በፈጠራችሁ!» እያለ ደረቱን ይዞ ሲለምነን ትዝ ይለኛል።

ከዚያ አንድ ጠዋት፣ እግርህን የሚያሠራህ ባለሙያ ቀኝ አውራ ጣትህን ሲይዝ «ምን ያለ በረዶ እጅ ነው!» ብለህ ጮህክ። ከወደቅክ ወዲህ እግርህ ምንም ሰምቶ አያውቅም ነበር። ባለሙያው እጁን አንስቶ እንደገና አሳረፈው፤ እንደገና ጮህክ። ከዚያች ቀን ወዲህ ለጠያቂህ ሁሉ፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ ሳይቀር፣ «የወንድሜ ደም እግሬ ደርሷል» ስትል ከረምክ። እኔም ከአልጋህ ግርጌ ቆሜ እንደ ድል አድራጊ እሰማ ነበር። ቱንቢ፣ ያን ጊዜ ሲያየኝ የነበረ ሰው የዳንኩት እኔ ሊመስለው ይችል ነበር።

በሦስተኛው ወር ዶክተሯ ደም ልትቀዳ ስትመጣ ያንኑ ነገርካት። መርፌዋን አስቀመጠች። ወንበር ስባ ከአጠገብህ ቁጭ አለች።

«ጋሼ፣ የእሳቸው ደም ለእርስዎ አልተሰጠም። አንዲት ጠብታም። የሁለታችሁን ጎን ለጎን እያደረግን እናያለን እንጂ።»

«ያ የተሰካልኝስ?»

«የሳንባ ኢንፌክሽን መድኃኒት ነበር።»

ወደ እኔ ዞርክ። እኔ መስኮቱን አየሁ።

«እሺ፤ ከዚህ ሁሉ ለእኔ የሚሆነው ምንድን ነው?» አልካት።

«ከዚህ ጥናት ለእርስዎ የሚሆን መድኃኒት የለም። ከእርስዎ በኋላ ለሚመጡት ነው። ስንጀምር ተናግረን ነበር፤ በደንብ እንዳላስረዳናችሁ ግን አሁን ገባኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ግድ የለም ልጄ» አልክና ክንድህን ዘረጋህላት። ሰጠሃት። ከዚያ በኋላ ግን ቀልድህ ነጠፈ፤ ሲያስወጡህም ሳትሰናበተኝ እህትህ ወዳለችበት ከተማ ሄድክ።

እኔም አኩርፌ ነበር። ማኩረፉ አላዋጣኝም፤ አንድ ጥያቄ እንደ ጠጠር ጫማዬ ውስጥ ገብቶ አላስኬድ አለኝ። ስለዚህ ዶክተሯ ወደምትሠራበት ክፍል ሄድኩ። መግቢያው ላይ ማቀዝቀዣዎች ተደርድረው ያጉረመርማሉ፤ ጠረጴዛው ላይ ቦታ ስለሌለ ሻይዋን መስኮት ላይ ነው የምታስቀምጠው።

«ምን ልርዳዎት አባቴ?»

«ደሜን ላየው ፈልጌ ነው።»

«የእርስዎ ለዛሬ የለንም እኮ፣ ያለፈው በርዷል።»

«ትኩሱ እዚሁ አለ» ብዬ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ሳቀች፤ ከጣቴ ላይ ወሰደችልኝ።

ማይክሮስኮፑ ከስክሪን ጋር የተያያዘ ነው። ብዙ ነገር ዝም ብሎ ተበትኖ ይታያል፤ ከመካከሉ አንዱ ግን የሆነ ዕቃ እንደጠፋበት ሰው ቀስ እያለ ይንፏቀቃል። አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ይሰበሰባል፣ መንገድ ይቀይራል። «ይሄ እኔ ነኝ?» አልኳት። «ከእርስዎ ዘበኞች አንዱ ነው» አለችኝ። ስንት ዓመት ተሸክሜው ስዞር እንዳልተዋወቅን አስበው!

ከዚያ ጥያቄ አዘነብኩባት። እንዳስረዳችኝ፣ ህብለ ሰረሰሩ ሲጎዳ እነዚህ ዘበኞች ወደ ቁስሉ ይሮጣሉ፤ የሞተውን ይጠርጋሉ። አንዳንዶቹ ግን ሥራው ካለቀ በኋላም እዚያው ቆይተው ደህናውን ነርቭ ይጎዳሉ። እኔም ገባኝ ብዬ «ልስኑ ሳይደርቅ ግድግዳውን እንደሚደገፍ ሠራተኛ ናቸው፤ ማባረር ነዋ!» አልኳት። «ግማሹ ልክ ነው» አለችኝ፤ «ችግሩ፣ ከሚቆዩት መካከል የሚጠግኑም አሉ። ሁሉን ካባረርን ቁስሉ ሳይጠረግ ይቀራል። ማን ይቆይ፣ ማን ይሂድ፣ መቼ? እሱን ብናውቅ ኖሮ መድኃኒት ይኖረን ነበር።»

ደግሞ ሌላ ነገር ነገረችኝ። ቁስሉ ጋ ሲረባረቡ በቀረው ሰውነት ብዙ ጊዜ ይዳከማሉ። እንደ አንተ ከወደቀ ሰው ብዙው በሳንባ ሕመም የሚያዘው አንድም ለዚህ ነው። አንተ ያኔ ሲያተኩስህ «ሰውነቴ ተስፋ ቆርጧል» ትለኝ ነበር። ተስፋ ስለቆረጠ አይደለም፤ ልብ በል።

የእኔ ደም የሚፈለገውም ለዚሁ ነው። ዕድሜያችን አንድ፣ አቧራችን አንድ፣ የዋልንበት ፀሐይ አንድ። የሚለየን መውደቁ ነው። እንግዲህ በደማችን መካከል የሚታየውን ልዩነት፣ እንደ እኛ ካሉ ሌሎች ጥንዶች ጋር አስተያይተው፣ መውደቁ ያመጣው እንደሆነ ይመረምራሉ።

በመጨረሻ የጫማዬን ጠጠር አወጣሁት። «የእኔ ደም ካልደረሰው፣ እግሩ ቅዝቃዜውን ያወቀው በምንድን ነው?»

«በራሳቸው ነዋ» አለችኝ። «ሳይበጠስ የቀረ ነርቭ ኖሮ እብጠቱ ሲጎድል ነቅቶ ይሆናል። ግን የእሳቸው ነቅቶ የሌላው ለምን አልነቃም? ደማቸው ውስጥ ምልክት ይኖር ይሆን? አላውቅም።»

«አላውቅም» ስትል ፊቷ በራ። አላውቅም ብሎ ደስ የሚለው ሰው ገና ማየቴ ነው።

«ይጨምራል?»

«ሊጨምርም፣ እዚያው ሊቆምም ይችላል። ይድናሉ ብለው እንዳይነግሯቸው።»

አልነግርህም። የምነግርህ ይህን ብቻ ነው፤ ያን ጠዋት ያስጮኸህን ስሜት ማንም አላበደረህም። የራስህ ነው። እኔ ጸሎቴ ላይ «ከእኔ ወስደህ ለእሱ ስጠው» እያልኩ ፈጣሪን ስለምን ኖሬያለሁ። አሁን ያን ጸሎት ሳየው ላንተ ስጸልይ ነበር ወይስ የምፈለግ ሰው ለመሆን? እርግጠኛ አይደለሁም። ፈጣሪ እኔን ሳይጠይቅ ከአንተው ከውስጥህ መጀመሩ በመጀመሪያ ቅር አሰኘኝ፤ ኋላ ግን ይገርመኝ ጀመር። ሲገርመኝ ይሻለኛል።

ያቆየሁት ጥያቄ እንግዲህ ይኸው። ቅዝቃዜው እንዴት ያለ ነበር? እንደ ድሮው ነው ወይስ እንደ ሩቅ ድምፅ? ይህን ለዶክተሯ የትኛውም ደም አይነግርላትም፤ አንተ ብቻ ነህ የምታውቀው።

ትናንት እህትህ ደውላልኝ ነበር። «ምግብ ቀንሷል፣ ግድግዳ ያያል» አለችኝ። «ምናለ ‹ማክሰኞ መድኃኒቱን ሊሰጡህ ነው› ብትለው? ያንተን ያምናል።»

«እትዬ፣ ያንን አልችልም» አልኳት።

«ውሸት እኮ አይደለም፣ ማባበል ነው።»

«አንዴ ሳናውቅ ተባብለን አይተነዋል፤ እያወቅኩ አልደግመውም» አልኳት። ተቆጣችኝ፣ ከዚያ አለቀሰች። በሁለቱም አልፈርድባትም።

ዶክተሯንም «እሱ ባይመጣ የእኔ ለብቻው ምን ይሆናል?» ብዬ ጠይቄያታለሁ። ያለፈው ይጠቅማል፣ የመጨረሻው ይጎድላል፤ ማንም ማንንም አያስገድድም አለችኝ። ስለዚህ ለእኔ ብለህ አትምጣ።

ደብዳቤውን ዛሬ በሾፌር እልክልሃለሁ፤ እኔ ግን ነገ ቅዳሜ እመጣለሁ። ባለጎማ ወንበርህ በበሩ ስለማያልፍ ከውስጠኛው ክፍል ወጥተህ እንደማታውቅ እህትህ ነግራኛለች፤ ይህን ስሰማ ስለ ደሙ ማሰቤን ትቼ መሣሪያዬን መሰብሰብ ጀመርኩ። መሮና መዶሻ ይዣለሁ፣ የመለሰኛ ማንካና ውሃ ልክም እንደዚሁ። የበሩን መቃን ነቅዬ ግድግዳውን በአንድ ወገን እሰብረዋለሁ፣ አሰፋዋለሁ፣ እለስነዋለሁ። አልጋህ ላይ ሆነህ እንደ አሠሪ ስትጮህብኝ ብትውል አልቀየምም። ባትናገረኝም ሥራዬን እሠራለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት በሩ ሰፊ ይሆናል። በእሱ ወጥተህ ወደ ዶክተሯ ብትሄድ ወንበርህን እኔ እገፋለሁ። ግቢ ድረስ ብቻ ወጥተህ ፀሐይ ልሙቅ ብትልም፣ በርጩማ አምጥቼ አጠገብህ እቀመጣለሁ።

እስክደርስ ድረስ ፈጣሪ ካንተ አይለይ።

ለሳኙ ወንድምህ