ለቀሐው ሽማግሌ የሰጠሁት ጋቢ

ጎንደር፣ ጥር ፳፯ ቀን ፲፱፻፵፱ ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ ለወይዘሮ እናኑ፣ ዳባት

እንዴት ሰነበትሽ እናቴ? ውርጩስ እንዴት አድርጎሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ማስተማሩ ሸጋ ነው። ለከርሞ አዲስ አበባ ሄጄ ትምህርቴን እንድቀጥል ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ይህንኑ በደስታ ልጽፍልሽ አስቤ ነበር።

ቅዳሜ ግን ጎረቤታችን አያ ዋኘው ለገበያ መጥቶ አገኘኝ። «አንተ ልጅ፣ እናትህን አሳበድካት እኮ!» አለኝ እየሳቀ። በከተራ ዕለት ቀሐ ወንዝ ዳር ጋቢዬን አውልቄ ለአንድ ሽማግሌ ሳለብስ አይቶ ኖሮ፣ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቷል። መምሬ ወልደ ገብርኤልም በደጀ ሰላም ቢያመሰግኑኝ፣ አንቺ በደስታ አልቅሰሽ፣ እኔን መርቀሽ፣ «ልጄ የሰጠውን እኔ ምነው እነፍጋለሁ?» ብለሽ የራስሽን ጋቢ ለድኻይቱ ለወለተሩፋኤል ሰጠሽ።

«ታዲያ አሁን ምን ለብሳ ትተኛለች?» አልሁት።

«ነጠላዋን ነዋ!»

እናቴ፣ ነገሩ እንዲያ አይደለም።

ዓመቱን ሙሉ ፈትለሽ ያሠራሽልኝን የጥምቀት ጋቢ አያ ዋኘው ሲያመጣልኝ፣ እኔ በመጀመሪያ ደመወዜ አራዳ ከሷሊሕ ሱቅ የሱፍ ካፖርት ገዝቼ ነበር። ጋቢውን ከካፖርቱ ላይ ደርቤ ብወጣ፣ ባልንጀራዬ መምህር ፋንታሁን «ዳኛው፣ በሬዎቹን የት አሰርካቸው?» አለኝ። አብረውን የነበሩት መምህራን ሁሉ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ ጋቢው ትከሻዬን ያቃጥለኝ ጀመር። ታቦቱ ቀሐ ሲደርስ ሽማግሌው እጃቸውን ቢዘረጉ፣ አውልቄ አለበስኋቸው። ያየ ሁሉ መረቀኝ፤ ፋንታሁን እንኳ አፈረ። እኔ ግን ጋቢውን የምጥልበት ሰበብ ስፈልግ ነበር። ሽማግሌው በብርድ መንቀጥቀጣቸውን ያየሁት ከሰጠሁ በኋላ ነው። ካፖርቱን ቢለምኑኝ አልሰጣቸውም ነበር።

ዛሬ ከትምህርት ስወጣ ካፖርቱን ይዤ ወደ ሷሊሕ ሄድሁ። «የለበስከውን ልትመልስ? ምነው መምህር፣ በበዓሉ ወፈርህ እንዴ?» ብሎ ቀለደብኝ። ነገሩን ስነግረው ቀልዱን ተወ። በብርድ ልብስ ለወጠልኝ፤ እኔ ቀጭኑን ሳነሣ ከእጄ ነጥቆ፣ «ለእናት ከሆነ ወፍራሙን ውሰድ» አለ። ነገ አያ ዋኘው ይዞልሽ ይመጣል።

መምሬ ወልደ ገብርኤል፣ ይህን የሚያነቡላት እርስዎ ነዎትና፣ እባክዎ አንድም መስመር አይዝለሉ። በደጀ ሰላም የተናገሩልኝንም እዚያው ያርሙልኝ። ሰው ቢስቅብኝ ይሳቅ።

እናቴ፣ ከወለተሩፋኤል ላይ ጋቢውን እንደማትመልሺ አውቃለሁ። እኔም መልሺ አልልሽም። ብርድ ልብሱን ለሌላ ሰው እንዳትሰጪው ልለምንሽ ብዕሬን አንሥቼ ነበር። በምን አፌ እላለሁ? ብቻ ውርጩ እስኪያልፍ ድረስ አንቺ ልበሽው።

በከተራው የተነሣ የመረቅሽኝን ምርቃት አንሺልኝ፤ ያለ ሥራዬ ነው። ለፋሲካ መጥቼ እግርሽን ስሜ፣ ቢገባኝ አዲስ ትመርቂኛለሽ። እስከዚያው ጉልበትሽን ያጽናልኝ፤ ሌሊቱን ያሙቅልኝ።

ለብርድሽ ምክንያት የሆነው ልጅሽ
ዳኛው