የማይንቀሳቀሰው እጀታ

ጥቅምት 6
ዛሬ አዲሱ አውሮፕላን ላይ ሥልጠና ጀመርን። መቀመጫው ይመቻል። ሻዩ እንደ ድሮው ቀዝቃዛ ነው...

በድሮው አውሮፕላን ኮምፒውተሩ የሞተሩን ጉልበት ሲጨምርና ሲቀንስ በመሃላችን ያለው የጉልበት እጀታም አብሮ ወደፊት ወደኋላ ይል ነበር። መዳፌን አሳርፌበት ስንት ዓመት በረርኩ! ሳላይ አውቀው ነበር። የዚህኛው ግን አንዴ ቦታው ከተቀመጠ ወይ ፍንክች። ሞተሩ ያጓራል፣ ይበርዳል፤ እጀታው ዝም።

«ታዲያ በምን ልወቀው?» አልኳቸው አሰልጣኙን።

«ዓይን አለሽ አይደል?»

አሉኝ። ዓይኔ ግን ስንቱን ይይ?

ጥቅምት 9
ባለቤቴ መኪና ውስጥ ሲያሾፍብኝ ነበር። ለካ እጄን ማርሹ ላይ ጭኛለሁ። «የምነዳው እኔ፤ አንቺ ምን ትጠብቂያለሽ?» ሳቅኩ። እጄን ግን አላነሳሁትም።

ጥቅምት 13
ወደቅኩ።

መሬት ላይ ባለው የበረራ ማስመሰያ፣ ሲሙሌተር ውስጥ ነው። ልናርፍ ስንቃረብ አሰልጣኙ አውቶትሮትሉን፣ ያንን ጉልበት የሚጨምር የሚቀንስ ኮምፒውተር፣ አበላሹብኝ። ማስጠንቀቂያው ጮኾ ነበር፤ ከሬድዮው ወሬ ጋር ተደባልቆ አልሰማሁትም። እጀታው አልተነቃነቀም፣ እንግዲህ ሰላም ነው አልኩ... ፍጥነቱ እያለቀ! መስኮቱን መሬት ሞላው።

አሰልጣኙ መብራት አበሩ። «ማን ገደለሽ?»

«እጄ።»

በሚቀጥለው ሳምንት ድጋሚ እፈተናለሁ። ያኔም ከወደቅኩ መብረር ቀረ። ሌላ ምን ሥራ አውቃለሁ?

ጥቅምት 14
ራቴን ሳልነካ ተነሳሁ። ልጄ «እማ፣ አመመሽ?» አለችኝ።

ጥቅምት 17
የአሰልጣኙ መድኃኒት፦ «እጅሽ ላይ ተቀመጪበት!» የምር ነው። ግራ እጄን ጭኔ ሥር ከትቼ ፍጥነቱን ጮክ ብዬ ማንበብ። ቤትም ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተለማመድኩ። አባትና ልጅ በሳቅ ሞቱ። ይሳቁ።

ጥቅምት 20
አለፍኩ! «አሁን ዓይንሽ መጣ» አሉኝ።

ደስ ብሎኛል... ግን ሲሙሌተር ማንንም አይገድልም። ነገ ከሽማግሌው ካፒቴን ጋር ነኝ፤ ሙሉ መንገደኛ ይዘን። የመጀመሪያ በረራዬን አብረውኝ የበረሩ ሰው ናቸው። እሳቸውም እንደኔ ገና ከድሮው አውሮፕላን መምጣታቸው ነው። ቢሳሳቱስ? እኔ ነኝ እሳቸውን የማርም?

ጥቅምት 21
ለማረፍ እየወረድን ነበር። ነፋሱ ሲያንገላታን ካፒቴኑ «በእጄ ልያዘው» ብለው አውቶትሮትሉን አጠፉ። ወዲያው ከመቆጣጠሪያ ማማው ማኮብኮቢያ ቀይሩ ተባልን። ሩጫ፣ ወሬ... ማጥፋታቸውን ረሱት።

ፍጥነቱ ወረደ። ደግሞ ወረደ። እጃቸውን አየሁት። እጀታው ላይ ጋደም ብሏል፣ ተማምኖ። የኔው እጅ!

«ካፒቴን፣ ይቅርታ...» ልል ነበር። ይቅርታ ተጠይቆ እስኪያልቅ የት እንደርሳለን?

«ፍጥነት!» ብዬ ጮህኩባቸው። በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ላይ።

እጀታውን ገፉት። ሞተሩ አጓራ። አረፍን።

መንገደኛው ሁሉ ከወረደ በኋላ፣ «እጄን አምኜው እኮ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ድምፃቸው ተሰብሯል። አንጀቴን በሉት። «እኔም አምኜው ነበር» አልኳቸው።

ባለቤቴ ሊወስደኝ መጣ። መንገድ ላይ ማርሹን አየት አደረገና፣ «እጅሽስ ዛሬ?» አለኝ።

ሳላውቀው ተቀምጬበታለሁ። ዓይኔ የመኪናው ፍጥነት መቁጠሪያ ላይ ነው።