ስለ አባቴ መኪና ቢጫ የሞተር ክዳን

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራና ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የጸና፣ የቢሮዎ መስኮትም ብርሃን የማይነፍግዎ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። ለእርስዎ በግል መጻፍ ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን ቀደም ብዬ የጻፍኳቸው አራት ደብዳቤዎች በመዝገብ ቤትዎ ጥልቅ እንቅልፍ ላይ መሆናቸውን ስለሰማሁ፣ አምስተኛው እነሱን እንዳይቀሰቅስ ሰግቼ በአደባባይ ጻፍኩት።

እኔ የሞተር ክዳን አዳሽ ነኝ። እንዲህ የሚባል ሥራ መኖሩን ጽሕፈት ቤትዎ እንዳልሰማ በተግባር ስላረጋገጥኩ በአጭሩ ላስረዳ። ኮፈኖ ሲከፈት ከሞተሩ አናት ላይ በቡሎን ታስሮ የሚታየው ረዘም ያለ ክዳን ዕድሜ ሲጫነው ቀለሙ ይላላጣል፣ ዘይት ይጠጣል፣ መልኩም እሳት ላይ የተረሳ ድስት ይመስላል። እኔ አስፈትቼ አጥበዋለሁ፣ አሮጌውን ቀለም እልጣለሁ፣ ከዚያ እንደ ባለቤቱ ፍላጎት ወይ በፖሊሽ እወለውለዋለሁ፣ ወይ በመርጫ እቀባዋለሁ፣ ወይም የዱቄት ቀለም ነፍቼበት በምድጃ እጋግረዋለሁ። መኪናው በዚህ ምክንያት አይፈጥንም፣ አይዘገይም። ኮፈኖ የከፈተን ሰው ደስ ከማሰኘት በቀር ሥራዬ ለምንም አይጠቅምም፤ ይህንንም ከማንም ደብቄ አላውቅም።

አባቴ ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የሰው መኪና ነድቶ በመጨረሻ አንዲት አሮጌ ሰማያዊ መኪና የራሱ አደረገ። ባለፈው ዓመት የዓይን ሐኪሙ ነርቩ እየደከመ መሄዱን፣ ብርሃኑም ቢበዛ ለስድስት ወር ያህል እንደሚቆይለት ነገረው። አባዬ ከዚያ ክፍል ሲወጣ አላለቀሰም፤ ኮሪደሩ ላይ ቆም ብሎ፣ ዓይኑ ሳይጠፋ ታላቅ እህቱን ማየት እንደሚፈልግ ብቻ ተናገረ። አክስቴ የምትኖረው የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ ርቃ ነው፤ አልጋ ላይ ከዋለችም ሰንብታለች። ስለዚህ መኪናዋ ለረጅም መንገድ ትዘጋጅ ተባለ፤ መንዳቱን መካኒኩ ታላቅ ወንድሜ ተረከበ፣ ሞተሩንም እሱ አደሰ። ክዳኑ ለእኔና ለአባዬ ደረሰን።

ሦስት ሳምንት ሠራንበት። ቡሎኖቹን አባዬ በጣቱ እየዳሰሰ ፈታቸው፤ የተላላጠውን እሱ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው፤ ሲደክመው እኔ ተቀበልኩት። ቀለም የምንመርጥበት ቀን የናሙና ቁራጮቼን መስኮት ሥር አንድ በአንድ አሳየሁት። ቀዩን ጥቁር አለኝ። አረንጓዴውን አመድ አለኝ። ቢጫው ላይ ሲደርስ እጄን ያዘና «ይቺ ትታየኛለች» አለ። ከዚያ በኋላ ሌላ ቁራጭ አላወጣሁም። ዱቄቱን ነፍቼ ስጋግረው ምድጃው አጠገብ ወንበር ስቦ ጠበቀ፤ ሞተሩ ላይ ከታሰረም በኋላ አጎንብሶ ብዙ አየውና ወንድሜን «ዘይት ስትጨምር እንዳታንጠባጥብበት» ብሎ አስጠነቀቀው።

መኪናዋን ለዓመታዊ ምርመራ ያመጣናት በማግስቱ ነበር። እንግዲህ ክቡርነትዎ ከተቀመጡ፣ ቅሬታዎቼ እነሆ፦

አንደኛ፣ በጠራራ ፀሐይም የእጅ ባትሪውን ስለማያጠፋ ባለጉዳዮች «ባለ ባትሪው» የምንለው መርማሪዎ ፍሬኑን፣ መብራቱን፣ ጎማውን አይቶ «ጥሩ ነው» ካለ በኋላ ኮፈኖውን አስከፈተ። ባትሪውን ክዳኑ ላይ ደጋግሞ አመላለሰ። እኔም ሞኝ ነኝና ሥራዬን እያደነቀ መስሎኝ አንገቴን ሰበር አድርጌ ምስጋና ጠበቅሁ። እሱ ግን «ሊብሬው ሰማያዊ ይላል፤ ይኼ ቢጫ ነው» አለኝ። በሊብሬው የተጻፈው የመኪናዋ የውጭ ቀለም መሆኑን በትሕትና አስረድቼ፣ መቀመጫዋ ቡናማ፣ ጎማዋም ጥቁር መሆኑን ብጠቁመው «እሱን ሌላ ጊዜ እናየዋለን» ሲል መለሰልኝ። ጥቁር ጎማ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ነገሩን የቀሰቀስኩት እኔ ነኝና ይቅር በሉኝ።

መርማሪዎ በዚህ አላበቃም። የዚህ ዕድሜ ሞተር እንዲህ ንጹሕ ሊሆን እንደማይችል፣ ስለዚህ ሞተሩ የተቀየረ መሆኑ እንደሚያጠራጥር ጻፈ። ሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ትክክል ነበር፤ ራሱ በባትሪው እያበራ ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ አንብቦታል። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ያው ሆኖ ሞተሩ ሌላ ሊሆን እንደሚችል አስረዳንና ታርጋችንን ፈታ፤ መኪናዋም ሐሙስ ትወጣለች ተብላ ግቢዎ ቀረች። በሃያ ዓመት የሥራ ዘመኔ ሥራዬን እንዲህ ያደነቀልኝ ሰው የለም፤ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

ሁለተኛ፣ ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚቴ ክዳኑን ያደሰው ባለሙያ ማረጋገጫ እንዲጽፍ ጠየቀ። እኔ ጻፍኩ፣ ማኅተሜን መታሁበት፣ አስገባሁ። ጻፊዋ ባለጉዳይ ስለሆነች አይያዝም ተባለ። ቀጥሎ ከአምራቹ ፋብሪካ ደብዳቤ አምጪ ተባልኩ። ፋብሪካው ከተዘጋ ሃያ ዓመት አልፎታል ብዬ ሳመለክት፣ መዘጋቱን ፋብሪካው ራሱ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ታዘዝኩ። እኔ እስከ ዛሬ የታዘዝኩትን ለመፈጸም የሚከብደኝ ሰው አልነበርኩም።

በዚህ መሐል ምክትልዎ «ለምን ሌላ መኪና አትከራዩም?» ብለው በቅንነት ጠይቀውኛል። እኛም አባዬን ይህንኑ ለምነነው ነበር። «እህቴ ዘንድ እንደ ዕቃ ተጭኜ አልሄድም፤ የራሴዋ ሐሙስ ትወጣለች ተብሏል» አለን። ግትርነቱን አልክድም። ነገር ግን ሠላሳ አራት ዓመት በሰዓቱ ሲደርስ የኖረ ሰው «ሐሙስ» ሲባል ሐሙስ መስሎት ነው፤ በጽሕፈት ቤትዎ ቋንቋ ቃሉ ሌላ ትርጉም እንዳለው የሚነግረው አልነበረም። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ጫማውን አድርጎ፣ ኮቱን ለብሶ፣ በር ላይ ይጠብቀን ነበር። ሰባት ሐሙስ ጠበቀ።

ሦስተኛው ቅሬታ አይደለም። የመዝገብ ቤትዎ ሠራተኛ፣ እግሯን እያመማት ደረጃውን የምትወጣዋ፣ ፋይላችንን ከሥር ፈልጋ አውጥታ በቅጹ ላይ የሞተር ክዳን ቀለም የሚሞላበት ቦታ እንደሌለ ለኮሚቴው አሳየች። በሌለ ቦታ ላይ ያልተሞላ ነገር እንዴት ልዩነት እንደሚፈጥርም ጠየቀች። ኮሚቴው ለጠቆመችው ክፍተት አመስግኗት ቦታው ለወደፊቱ በቅጹ ላይ እንዲጨመር ወሰነ። በዚህ ደብዳቤ ያለው ሌላው ምስጋናዬ ሁሉ ሽሙጥ ቢሆን የእሷ ግን እውነተኛ ነው፤ እባክዎ በዚህ ምክንያት እንዳይቀጧት።

አራተኛ፣ ውሳኔው ደረሰን፦ «የሞተሩ ክዳን ወደ ቀድሞ ይዞታው ይመለስ።» እኔ በሙያዬ ጠንቃቃ ስለሆንኩ ዝርዝር ጠየቅሁ። የቀድሞው ጥላሸት ውፍረቱ ምን ያህል ይሁን? ዘይቱ በግራ በኩል ብቻ ነበር የሚያልበው፤ አሁን በሁለቱም ቢሆን ይፈቀዳል? ከመካከሉ የተላጠው ቀለም የጫማ ቅርጽ ነበረው፤ ያንኑ ላስመስል ወይስ በራሴ ፈጠራ ልሂድ? መልሱ «በደብዳቤው መሠረት ይፈጸም» የሚል ሆነ። በሃምሳ ሦስተኛው ቀን አንድ ቆርቆሮ ጥቁር የመርጫ ቀለም ይዤ መጣሁ፤ ግቢዎ ውስጥ፣ በኮሚቴው ፊት፣ ቢጫውን በጥቁር ሸፈንኩት። ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ባለ ባትሪው ቶሎ እንዲደርቅ በራሳችን ፋይል አራገበልን። ሳይደርቅም ታርጋው ታሰረ። ሃምሳ ሦስት ቀን ያጠራጠረው ሞተር ያን ቀን አላጠራጠረም።

አምስተኛውን አሳጥረዋለሁ። በአርባ አንደኛው ቀን ጠዋት አባዬ መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበሩ ላይ ሆኖ «ልጄ፣ ዛሬ መጋረጃውን ምነው ሳትከፍቺው ቀረሽ?» አለኝ። መጋረጃው ተከፍቶ ነበር።

ታርጋው በታሰረ ማግስት መንገድ ጀመርን። ይህን መናዘዝ ይገባኛል፦ ከከተማ እንደወጣን ወንድሜን አስቆምኩት፣ ኮፈኖውን ከፈትኩ፣ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቄ ጥቁሩን ቀለም በቀለም ማቅጠኛና በጨርቅ ጠረግሁት። በምድጃ የተጋገረ የዱቄት ቀለም በዋዛ አይለቅም፤ ቢጫው እንደነበረ ብቅ አለ። አባዬ ከመቀመጫው ሳይወርድ የምሠራውን ከማቅጠኛው ሽታ አውቆ «ጥሩ አድርገሻል» አለኝ። ጥፋት ከሆነ አድራሻዬ ከእርስዎ ዘንድ አለ።

አክስቴ ዘንድ ስንደርስ አልጋዋ ጫፍ ላይ አስቀመጥነው። እጁን ሰደደና ፊቷን ከግንባሯ እስከ አገጯ ዳሰሰው። እሷም ፊቷን አቀረበችለት። «ምነው እንዲህ ከሳህ?» አለችው። «አንቺም አልወፈርሽ» አላት። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ፤ እኔና ወንድሜ ግን ወደ ውጭ ወጣን።

ከሰዓት በኋላ አክስቴ ስለ መኪናዋ ያን ሁሉ ወሬ ከሰማች በኋላ ክዳኑን ካላየሁ ብላ አስቸገረች። ወንድሜ አቅፎ ወደ ግቢው አወጣት፤ እኔ አባዬን በክንዱ ይዤ ከኋላ መጣሁ፤ ኮፈኖውንም ከፈትን። አክስቴ ከወንድሜ ትከሻ ላይ አንገቷን አስግጋ ስታየው ቆየችና አባዬ የማያውቀውን ልትነግረው ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ቢጫ ነው እኮ» አለችው።

«አውቃለሁ» አላት አባዬ፤ «የመረጥኩት እኔ ነኝ።»

ክቡር ሆይ፣ ካሳ አልጠይቅም፤ ሃምሳ ሦስት ቀን ለማስመለስ የሚሞላ ቅጽ እንደሌላችሁ በመስኮት ቁጥር ስድስት ጠይቄ አረጋግጫለሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። በውሳኔው ግርጌ ያለው ፊርማ የማን እንደሆነ አይነበብም፤ ፈራሚው በግልጽ ስሙን ይጻፍልኝ። አባዬ እንዳነብለት ጠይቆኝ ሳለ እዚያ ስደርስ የምለው አጣሁ።

ለሰጡኝ ሰፊ ትምህርት፣ ለግቢዎ ጥላና ለተቀመጥኩበት አግዳሚ ወንበር፣ ሦስት እግር ብቻ ቢኖረውም፣ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ሥልጣንዎ እንደ ተጋገረ ቀለም ሳይላላጥ እንዲሰነብት የምመኝ፣ ታዛዥ ለመሆን ሞክራ ያልሆነላት፣

የሞተር ክዳን አዳሿ

ማሳሰቢያ፦ የእርስዎ ሾፌር በዚህ ሳምንት የመንግሥት መኪናዎን የሞተር ክዳን ፈትቶ አምጥቶልኛል፤ ተወልውሎ እንዲያበራ ማዘዝዎንም ነግሮኛል። ሦስት ድርብ ቀለም ስልጥ ከሥሩ የወጣው የፋብሪካ ምልክት የመኪናዎ ሳይሆን የሌላ መኪና ሆኖ አገኘሁት። እኔ መርማሪ ስላልሆንኩ ጉዳዩን ለማንም አልተናገርኩም፤ ምልክቱን ግን እንደ ሙያዬ አሳምሬ ወልውዬዋለሁና አሁን ያለ ባትሪም ይነበባል።