ነጩ ጫማና ሪዜ

ለእህቴ ልጅ፣ ለዚያች ነገረኛ፤

እኔ ደህና ነኝ፤ እግሬማ ከእኔም ይበልጥ ደህና ነው።

በዚህ ፖስት ካርድ ላይ የምታዪው የሰዓት ማማ ሁለት መቶ ደረጃ አለው። የሱቃችንን አምስት ደረጃ ወጥቼ የማለከልከው ሰውዬ ትዝ ብሎሽ አትሳቂ። መቶኛው ላይ ስደርስ ያ የምኮራበት ሹል ጥቁር ጫማዬ ሶሉ ተገንጥሎ አፉን ከፈተ። የማስርበት ነገር ፍለጋ ቦርሳዬን ብበረብር፣ ገዝተሽልኝ ያፌዝኩበት ነጭ የቆዳ ስኒከር ከሥር ቁጭ ብሏል! ደብቀሽ ከተትሽው አይደል? ግራ ቀኝ አየሁ፤ የሚያውቀኝ የለም፤ አጠለቅኩት።

ልጄ፣ ሃያ ዓመት ተጨፍልቀው የኖሩ ጣቶቼ ያን ለስላሳ ቆዳ ሲያገኙ ተዘረጉ። እየዘለልኩ ጫፍ ደረስኩ። እዚያ ያለችው ጠባቂ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «ጋሼ፣ ከሱፉ ጋር እንዴት አምሮብዎታል!» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ማን ያወልቀዋል?

ችግሩ፣ እናትሽ ፊት «ይህን የኳስ ተጫዋች ጫማ ካደረግኩ ሪዜን እላጫለሁ» ብያለሁ። ልክድሽ ሦስት ቀን አሰብኩ። ለመካድ ግን ጫማውን አውልቄ መምጣት ሊኖርብኝ ነው፤ እግሬ እምቢ አለ። ፀጉር አስተካካዩ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ሁለቴ ጠየቀኝ።

ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ፤ አስቀድመሽም አስጠንቅቂያት። እሁድ ጣቢያ ስትቀበሉኝ ሪዝ ያለው ሰው አትፈልጉ፤ ወደ ታች እዩ።

አጎትሽ