ደህና የተራመደ አይታከምም ስለተባለበት የጉልበት ክፍል

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤንነትን፣ በተለይም ለሁለቱም ጉልበቶችዎ ረጅም ዕድሜን እመኛለሁ።

እኔ የአንዲት ልብስ ሰፊ ባል ነኝ። ባለቤቴ ዕድሜዋን በሙሉ በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና የሰው ልብስ ስትሰፋ ኖራ፣ በጉልበቷ አጥንቶች መካከል ያለው ልስልስ ሽፋን ስለሳሳ፣ መርገጫውን መርገጥ ቀርቶ ከአልጋ መውረድም ጭንቅ ሆኖባት ነበር። ምስጋና ለሆስፒታልዎ ይሁንና፣ በፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ሽቦ ያላቸው ተለጣፊዎች በጉልበቷ ዙሪያ እየተደረጉላት ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ስታገኝ ሕመሙ ጋብ አለላት። የመጀመሪያው ቀን «ጉንዳን የወረረኝ መሰለኝ» ብላ ሳቀች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የጎረቤታችንን መጋረጃ ስትዘመዝም አገኘኋት።

ላመሰግንዎ ብዕር ሳነሣ ነበር አዲሱ መመሪያዎ የወጣው። በመመሪያው መሠረት ማንኛውም ታካሚ ወደ ክፍሉ ከመግባቱ በፊት ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይራመዳል፤ እኛ «ዳኛው» የምንላቸው ተቆጣጣሪ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ፤ ያነከሰ ይገባል፣ ቀጥ ብሎ የሄደ ድኗል ተብሎ ወደ ቤቱ ይሸኛል። ማሽኖቹ ጥቂት፣ ወረፋው ረጅም መሆኑን አልክድም። ነገር ግን የመመሪያውን ጥልቀት ለመረዳት አቅሜ ስላልፈቀደልኝ፣ ቅሬታ የሚመስሉ አድናቆቶቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ስለከፈቱልን ትምህርት ቤት እጅግ እናመሰግናለን። ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት ተራ ጠባቂዎችን ማነከስ ያስተምራሉ። አንድ አናጢ ጥሩ አነከስኩ ብሎ ሲኮራ፣ «አንተ፣ ይሄ ጭፈራ ነው እንጂ ማነከስ አይደለም፤ ፊትህንም አኮማትር!» ብለው ከመነሻው አስጀመሩት። «እትዬ፣ ፊቴ ሲፈጥረው እንዲህ ነው» ቢላቸው ኮሪደሩ በሳቅ ታመሰ፤ ዳኛው ብቅ ሲሉ ግን ሁላችንም ባንድ ጊዜ ታመምን። አናጢው ፈተናውን አልፏል። ሆኖም ልምምዱን ከልክ በላይ ስላበዛው ደህናው ጉልበቱም ማመም ጀምሯል። ሰው አንድ የታመመ ጉልበት ይዞ መጥቶ ሁለት ይዞ የሚመለስበት ተቋም በቀላሉ የሚገኝ አይመስለኝም።

፪. የክፍሉ ወጣት ባለሙያ ገና ከመጀመሪያው ለባለቤቴ እንዲህ ብሏት ነበር፦ «እናቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ይሄ ማሽን የሳሳውን አይመልስም። ሕመሙን ለጊዜው ያስታግስልዎታል፤ እርስዎ ደግሞ በዚያች ፋታ እንቅስቃሴ እየሠሩ የጭንዎን ጡንቻ ያጠነክራሉ።» እኔ በዚህ አነጋገር የሕመሙ መቀነስ የሥራው መጀመሪያ ነው ብዬ ተረድቼ ነበር። መመሪያዎ ግን መጨረሻው መሆኑን አስተማረኝ። ማሽኑ ሥራውን በሚገባ በሠራ ቁጥር ታካሚው ከክፍሉ ይወጣል፤ ምንም ያልጠቀመው ሰው ግን ቦታው የተጠበቀ ነው። የማይረባ ማሽን ቢገዙልን ኖሮ ሁላችንም ዕድሜ ልካችንን በታከምን ነበር።

፫. ይኸኛው አድናቆት ለመጻፍ ከበደኝ። ባለቤቴ ማስመሰል አትችልም፤ በትዳር ዘመናችን ሁሉ ይህን ጠባይዋን በመጠኑ ላለዝበው ሞክሬ አልተሳካልኝም። ተራዋ ሲደርስ መምህርቷ «እህቴ፣ ትንሽ ጎተት አድርጊው፣ ለደንቡ ያህል» ብለው ቢለምኗት፣ «ባላመመኝ ሰዓት አመመኝ ብዬ በሰው ፊት አልጎተትም» ብላ ኮሪደሩን ቀጥ ብላ ሄደችበት። ዳኛውም «እንኳን ማረዎት» ብለው ሸኟት። ከዚያ ወዲህ ንዝረቱ ተቋርጧል፤ ሕመሙ ሲመለስ እንቅስቃሴውም አብሮ ይቆማል ብለን እንሰጋለን። እሷ የምትፈልገው ነገር ብዙ አይደለም፤ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የጀመረችውን መጨረስ ነው።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ፈቃድዎ ከሆነ፣ ማን ሕክምናውን ይቀጥል፣ ማን ይብቃው የሚለውን ጉልበቱን በእጁ ዳስሶ ለሚያውቀው ባለሙያ ይተዉለት፤ ኮሪደሩም እንደ ድሮው መተላለፊያ ይሁን። ዳኛውም ቢሆኑ ቀኑን ሙሉ በመቆም የእሳቸው ጉልበት እንዳይጎዳ እንሰጋለን።

ውድ ጊዜዎን ሰጥተው፣ ተቀምጠው ይህን ስላነበቡልኝ በአክብሮት እጅ እየነሣሁ፣ ለመነሣት ሳይቸገሩ ከወንበርዎ እንዲነሡም ከልብ እየተመኘሁ፣

የሆስፒታልዎ ትሑት አድናቂ፣
የልብስ ሰፊዋ ባል

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ደብዳቤውን ላሽግ ስል ባለቤቴ ከመኪናዋ ለመነሣት ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ይዛ አየኋት። ሕመሙ ተመልሷል፤ እንኳን ደስ ያለዎት። ማክሰኞ ጠዋት ያለ ምንም አስተማሪ አነክሳ ትመጣልዎታለች።