ከጓዳችን በላይ የነበረው ግንብ

ተሾመ፣ የልጆቼ አባት፣

ካጣሁህ ሰባት ወር ሊሞላኝ ነው። እንደምን ነህ ብዬ አልጀምርም፤ ተናድጃለሁ፣ ንዴቴን ስማኝ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ሳሎን አስተኛቸዋለሁ። ጓዳው እንደፈረሰ ነው፣ ቆርቆሮ ጋርጄበታለሁ።

ለቅሶ የደረሰው ሁሉ የእግዜር ሥራ ነው እያለ አጽናናኝ። እሺ፣ መሬቱን ያንቀጠቀጠው እግዜር ይሁን። ግን ኮተቤ ሙሉ ተነቃንቆ የማንም ብርጭቆ ሳይሰበር፣ አንዱ ግንብ ብቻ ለምን ወደቀ? ቅዳሜ ጠዋት እያፏጨህ ጫማህን ስትወለውል አንተ ላይ የጣለው የላይ ቤቱ ደምሴ ነው። ጋሼ ማለቱን ትቻለሁ። ተዳፋቱን ደልድሎ መኪና ሊያቆም ብሎ አሮጌውን ግንብ ከፍ አደረገው፣ ከኋላው አፈር ሞላበት። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹንም ግንቡን በጭቃ አበላሹብኝ ብሎ በሲሚንቶ ደፈናቸው። አፈሩ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ጠጥቶ ከበደ፣ ግንቡም ወደ እኛ ጎበጠ። የቀረው ትንሽ ንቅናቄ ነበር።

አንተስ? ጉብጠቱን አይተሃል፣ በእጅህ ትዳብሰው ነበር። ንገረው ስልህ፣ እናቴ የሞተች ጊዜ ድንኳን ተክሎ አብሮኝ ያደረ ሰው ነው፣ እንዴት አፌን ሞልቼ እናገረዋለሁ ትለኝ ነበር። ወይ ያንተ ይሉኝታ! የሰው ፊት እንዳይጠቁር ስትል ልጆችህን ያለ አባት አስቀረሃቸው። አዝኜብሃለሁ። ፉጨትህ ትዝ ሲለኝ ደግሞ ንዴቱ እንባ ይሆንብኛል።

ባለፈው እሁድ ደምሴ ሽማግሌ ላከብኝ። ክረምት ሳይገባ ግንቡን እንደነበረው ሊሠራው ፈልጓል፤ ድንጋዩን የሚያስገባው በእኛ ግቢ ስለሆነ ፈቃዴን ይሻል። መጀመሪያ መሐንዲስ ይየው፣ ከፍታው ይቀነስ፣ ውሃው መውጫ ይኑረው አልኩ። ነገር አታክርሪ አሉኝ። ለጉርብትና ስትይ፣ ለሟች ነፍስ ስትይ ተይው አሉ። ባንተ ነፍስ ለመኑኝ፣ ተሾመ! ይሉኝታህን የወረስኩ መስሏቸው።

ተነሥቼ፣ «ሰውዬውን ይቅር ብያለሁ። ያንን ግንብ ግን እኔ ቆሜ ሳለሁ ከልጆቼ አናት በላይ አያቆመውም» አልኳቸው። ሳይመርቁኝ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ግማሹ ሰፈር ሰላምታ ነፍጎኛል፤ ይቅርብኝ።

እርሺው የሚሉኝም አሉ። አልረሳህም የኔ ጌታ። እስክሞት አስታውስሃለሁ፤ እንዳንተ ዝም ብዬ ግን አይደለም።